ጢሱ የማን ነው?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው የአበው አነጋገር ስለ ጦርና ስለ ጎራዴ ብቻ የተነገረ አይምሰለን። በየማለዳው ሞተሩን አስነሥቶ ከደጁ የሚወጣ ባለመኪና ያወጣውን ጢስ ወዲያው ይረሳዋል፤ እሱ ወደ ፊት ሲሄድ ጢሱ ከኋላው ይቀራልና። በዚያው ደጅ ልብስ ሲያጥብ፣ ሲሸጥና ሲጫወት የሚውለው ጎረቤት ግን አይረሳውም፤ ወደ ሳንባው ስቦታልና። ስለዚህ ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቼ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ ከመኪናችን የሚወጣው ጢስ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ በሐረር ከተማ፣ በአቦከር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ የሆነ ጉዳይ ነው። አንድ ወዳጄ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ገዛ። ጥቂት ወራት እንደ ነዳ በመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የሞተሩ መብራት በራበት፤ ከድሬዳዋ ሲመለስም የደንገጎን ዳገት ለመውጣት መኪናው ጉልበት አጣ። ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስደው፤ «ካታላይዘሩ ተደፍኗል፤ ይህ ነገር ለእኛ አገር አያስፈልግም። ቆርጠን ባዶ ቧንቧ እንበይድልህ፤ አሮጌውን ከተውክልን የእጅ ዋጋ አንጠይቅህም» አሉት። ወዳጄም ነገሩ እንደ ስጦታ ስለ መሰለው እሺ ብሎ ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር መኪናው ዳገቱን ወጣ። ድምፁም ከፊተኛው ይልቅ ስላጓራ፣ ለወዳጄ ጉልበት የጨመረ መሰለው። ነገር ግን እሱ በማለዳ መኪናውን ሲያሞቅ ጢሱ በቀጥታ በአከራዩ በር ይገባ ነበር። አከራዩ እድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፤ ከሳቸው ጋር የሚኖረው የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸው ደግሞ የአስም ሕመም አለበት። ሦስት ሳምንት ታግሠው ሲያበቁ አንድ ቀን ማለዳ ጠሩትና፤ «ልጄ፣ መኪናህን አልጠላሁብህም። ግን አንተ ቢሮ ከገባህ በኋላም ጢስህ እዚሁ ከእኛ ጋር ይውላል» አሉት።

ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ አፍሮ ነበር፤ ስሰማው እኔም አፈርሁ። ሁለታችንም በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምረናል፤ ፈተናውንም አልፈናል። ካታሊስት ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ንጥረ ነገሮች መዋሐድና መለያየት የሚያፋጥን ነገር ነው ብሎ የማይመልስ ከመካከላችን አልነበረም። ይሁን እንጂ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማርነው ያው ነገር በመኪናው ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ ሲሠራ እንደ ኖረ ልብ አላልንም፤ ሲቆረጥም ዝም ብለን አየን።

የተቆረጠው ዕቃ ምን ይሠራ ነበር? በሞተሩ ውስጥ የተቃጠለው ጋዝ መጀመሪያ ማኒፎልድ በሚባለው ብረት ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ታች በሚወርደው የፊት ቧንቧ አልፎ ወደ ካታላይዘሩ ይገባል፤ ከካታላይዘሩም ወጥቶ ድምፁን በሚያለዝበው በማርሚታ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። የካታላይዘሩ ሆድ የማር እንጀራ የሚመስል የሸክላ ዓይነት ነገር ነው፤ በብዙዎቹ መኪናዎች በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 60 ያህል ቀዳዳዎች አሉበት። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በተባሉ ውድ ማዕድናት ስስ ሆኖ ተቀብቷል። ጋዙ በዚያ ሲያልፍ፣ መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ሳይቃጠል የቀረው የቤንዚን ትነት ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ሳንባን የሚያስቆጡት የናይትሮጅን ኦክሳይዶችም ተፈትተው፣ ከምንተነፍሰው አየር አብዛኛውን ክፍል የያዘው ናይትሮጅን ይሆናሉ።

ካርቦን ሞኖክሳይድን ለአገራችን ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛውን ቤተሰብ ሳይነቃ የሚያስቀረው እሱ ነው፤ ከደማችን ጋር የሚጣበቅበት ኀይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል። በግቢ ቅጥርና በጠባብ መንገድ ውስጥ ግን እንዲህ በቀላሉ አይበተንም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ባስገነቡት የጁገል ቅጥር ውስጥ የሚገኙትን መተላለፊያዎች ያየ ሰው ነገሩን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ከሐረር በር ተነሥቶ ወደ ፈረስ መጋላ በሚወስደው መንገድ መኪና ሲያልፍ፣ የጢሱ ድርሻ ለባለሱቁም፣ ለእግረኛውም፣ በጀርባዋ ልጅ ላዘለችውም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2019 ከቤት ውጭ ባለው በተበከለ አየር ምክንያት በዓለም 4.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። ጥፋቱ የመኪና ጢስ ብቻ ነው አይባልም፤ የመኪና ጢስ ግን በዚያ ውስጥ ድርሻ አለው።

የዚህ ዕቃ ታሪክም ብዙ አያረጅም። በፈረንሳይ አገር የተወለደው ኢንጂነር ዩጂን ሁድሪ በአሜሪካ ሲሠራ የሎስ አንጀለስ ጢስ አሳስቦት የመኪና ካታላይዘር ፈለሰፈ፤ የባለቤትነት ማረጋገጫውንም እ.ኤ.አ. በ1956 አገኘ። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜ ቤንዚን እርሳስ ይጨመርበት ነበርና፣ እርሳሱ ማዕድናቱን እየሸፈነ ዕቃውን ከጥቅም ውጭ ያደርገው ነበር። ስለዚህ ፈጠራው ሃያ ዓመት ያህል ተቀምጦ፣ በአሜሪካ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ በሰፊው የተገጠመው እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ሲመጣ፣ በ1975 ሞዴሎች ነው። የአፍሪካ አገሮች ተወካዮች በ2001 በዳካር ተሰብስበው እርሳሱን ለማስወገድ ተስማሙ፤ ከሰሐራ በታች ያሉት አገሮችም እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ፈጸሙት። በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጀሪያ በ2021 አቆመች። እንግዲህ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» የሚለው ንግግር፣ ቤንዚናችን እርሳስ በነበረበት ዘመን ምናልባት ሰሚ ያገኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ምክንያት የለውም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ የሐረርን ፔጆዎች ይጠቅሳል። ፔጆ 404 መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ካታላይዘር ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው። እነዚህ መኪናዎች የሐረር ታክሲ ሆነው ለብዙ ዓመታት የከተማይቱ መለያ ሊሆኑ የበቁት በመካኒኮቿ እጅ ነው። ያ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ሳይኖረው የተሠራ መኪና አንድ ነገር ነው፤ ኖሮት ሳለ የተቆረጠበት መኪና ሌላ ነገር ነው። አባቱ ጫማ ያልነበረው ሰው በባዶ እግሩ ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም፤ ጫማውን ሸጦ እሾህ ረገጥሁ የሚል ግን መሳቂያ ይሆናል።

ሸጦ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ካታላይዘር ውስጥ ያሉት ማዕድናት ጥቂት ግራም ቢሆኑም ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ የአንድ ወቄት ሮዲየም ዋጋ በዓለም ገበያ ከ20,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ሌቦች ሌሊት በቆሙ መኪናዎች ሥር እየገቡ ካታላይዘር ቆርጠው ይወስዱ ነበር። የወዳጄ ግን ሌባ አላስፈለገውም፤ መኪናውን ራሱ ነድቶ ወሰደላቸው። የእጅ ዋጋ ሳይከፍል የቀረው እሱ ሳይሆን፣ ዕቃውን በነፃ የወሰዱት እነሱ እንደ ነበሩ የተረዳው ዘግይቶ ነው።

ከዚህ በኋላ ወዳጄ ቧንቧውንም ካታላይዘሩንም መልሶ ሊገጥም ቆረጠ። ከወንድሙ ጋር እኩል ቢከፍሉም ዕቃው ከአንድ ወር ደመወዙ በላይ አስወጣው፤ ስለዚህ ለሥራው የሚከፍለው አልተረፈውም። ሥራውን ራሳችን በግቢው ውስጥ እንድንሠራው የተስማማነው በዚህ ምክንያት ነው። የሚመሩንም በሰፈሩ የታወቁ አንድ ሽማግሌ የፔጆ መካኒክ ነበሩ። ያደረግነውን በዝርዝር የምጽፈው፣ ሥራው በጥንቃቄ ለሚይዘው ሰው ከአቅም በላይ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ጋሼ በመጀመሪያ የጠየቁን ስለ ቧንቧው አልነበረም፤ «የመጀመሪያውን ምን ገደለው?» ነበር ያሉት። እውነትም ካታላይዘር በገዛ እጁ አይሞትም፤ ብዙውን ጊዜ ገዳዩ ሞተሩ ነው። ካንዴላው በደንብ ካልተኮሰ፣ ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን በካታላይዘሩ ውስጥ እየነደደ የማር እንጀራውን ያቀልጠዋል። ሞተሩ ዘይት የሚበላ እንደሆነም፣ ከዘይቱ የሚመጣው አመድ ማዕድናቱን ይሸፍናቸዋል። የኛው መኪና አንዱ ካንዴላ ጥላሸት ለብሶ ተገኘ። ይህ ሳይጠገን አዲስ ካታላይዘር መግጠም፣ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። አራቱም ካንዴላዎች ተለወጡ። ከሐኪም ትእዛዝ በፊት ምርመራ እንደሚቀድም ሁሉ፣ የሞተሩ መብራት ስለ በራ ብቻ ካታላይዘሩ ሞቷል ብሎ መፍረድም አይገባም። በቧንቧው መጋጠሚያ የሚያፈስ ጋዝ ወይም ያረጀ የኦክስጅን ሴንሰር ያንኑ መብራት ሊያበራ ይችላል። መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ ካታላይዘሩን በእጅ መታ መታ ሲያደርጉት በውስጡ የሚንኳኳ ስብርባሪ ከተሰማ ግን መሞቱ አያጠራጥርም።

ለቤት ሥራ የሚሻለው ለዚያው ሞተር ተለክቶ የተሠራ፣ ብየዳ ሳያስፈልገው በቡሎን የሚገጠም ዕቃ ነው። በአንዳንድ መኪና ካታላይዘሩ ከማኒፎልዱ ጋር አንድ ሆኖ ስለሚሠራ፣ ከመግዛት በፊት ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በሶማሌ ተራ እንደሚሸጠው ዓይነት ያገለገለ ዕቃ ዋጋው ይቀንሳል፤ የሆዱን ጤንነት ግን ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም። በሁለቱም ጫፍ በባትሪ መብራት አብርቶ የማር እንጀራው ያልተሰነጠቀና ያልተደፈነ መሆኑን መመልከት ትንሹ ጥንቃቄ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ቡሎንና ዳዶ አብሮ መግዛት ይገባል፤ አሮጌ ጓርኒሲዮን ሁለተኛ ጊዜ አይታመንም።

ቅዳሜ ማታ፣ መኪናው ከቆመ ብዙ ሰዓት አልፎ ብረቱ ሲቀዘቅዝ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በየቡሎኑ ላይ ረጨን። እሑድ ጠዋት መኪናውን በደልዳላ መሬት አቁመን፣ የእጅ ፍሬን ስበን፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ከለከልን። ፊቱን በክሪክ ካነሣነው በኋላ በሁለት የብረት መደገፊያዎች ላይ አሳረፍነው። አንባቢዬ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይርሳ፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ ወይም በተደራረበ ድንጋይ በተደገፈ መኪና ሥር መግባት ራስን ለሞት መስጠት ነው። የባትሪውን የኔጌቲቭ ሽቦ ፈታን፤ ከላይ የሚረግፈው ዝገት ዓይን ስለሚጎዳ መነጽር አደረግን፤ ጓንትም ለበስን።

በመጀመሪያ የኦክስጅን ሴንሰሩን ሽቦ አላቅቀን፣ ሴንሰሩን በ22 ቁጥር መፍቻ ፈታነው። ቀጥለን ከማርሚታው በኩል ያለውን መጋጠሚያ ፈታን፤ ቧንቧው እንዳይወድቅ በእንጨት ደግፈን በመጨረሻ ከማኒፎልዱ ጋር የሚያያዙትን ዳዶዎች ያዝን። የሥራው ፈተና ያለው እዚህ ነው። እኔ መፍቻውን በሁለት እጄ ይዤ ልጎትት ስል ጋሼ ያዙኝና፤ «ልጄ፣ የዛገ ዳዶ በጉልበት አይፈታም፤ በዘይትና በትዕግሥት ነው» አሉኝ። ጥቂት መፍታት፣ ጥቂት መልሶ ማጥበቅ፣ ዘይት ጨምሮ ቆም ማለት፣ ከዚያ እንደገና መፍታት፤ እንዲህ እያሉ ሦስቱን ዳዶዎች ለማውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በጉልበት ቢሆን ቡሎኑ ከማኒፎልዱ ውስጥ ተሰብሮ ይቀር ነበር፤ ያን ጊዜ ሥራው የቤት ሥራ መሆኑ ቀርቶ መሰርሰሪያ ላለው ባለሙያ ይተላለፋል። እንዲህ ቢሆንም አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው የተሰበረውን ደብቆ መግጠም ነው።

አሮጌው ቧንቧ ሲወርድ የማኒፎልዱን ፊት በሽቦ ብሩሽ አጽድተን፣ አዲሱን ጓርኒሲዮን አስቀመጥን። በካታላይዘሩ ላይ የተሣለው ቀስት ጋዙ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ወደ ማርሚታው ማመልከት አለበት። ከዚያ ሁሉንም ቡሎኖች በእጅ ብቻ አስገባን። ወጣት ሠራተኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን መጋጠሚያ አጥብቆ ሲጨርስ ሁለተኛው አልገጥም ይለዋል። ሁሉም በልል ተይዞ፣ ቧንቧው የመኪናውን ወለል አለመንካቱ ታይቶ፣ ከዚያ በኋላ ከማኒፎልዱ ተጀምሮ ወደ ኋላ እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው። ሴንሰሩም ጫፉ ዘይት ወይም ቅባት ሳይነካው በቦታው ተመለሰ።

በመጨረሻ መኪናውን ወደ ሰፊው ደጅ አውጥተን ሞተሩን አስነሣን፤ በተዘጋ ግቢ ወይም ጋራዥ ውስጥ ማስነሣት፣ ከላይ ስለ ከሰል የተነገረውን አደጋ መጋበዝ ነውና። ብረቱ ሳይግል በፊት በየመጋጠሚያው ጆሮ ሰጥተን አዳመጥን፤ የሚፈስ ጋዝ ፍጭጭ የሚል ድምፅ አለው። በቧንቧው ላይ የቀረው ዘይት ለጥቂት ደቂቃ ጨሰና ቆመ። ከ30 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ፣ መኪናው ሲቀዘቅዝ፣ ቡሎኖቹን ደግመን አጠበቅን።

በጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል የልብስ ሰፊዎች ሰፈር አለ፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ያ ግርግር እንጀራ የሚያስገኝ ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም። የወዳጄ መኪና ግርግር ግን የማንም እንጀራ አልነበረምና፣ ሲጠፋ ግቢው ሁሉ ደስ አለው። የአከራዩ የልጅ ልጅ በዚህ ምክንያት ዳነ ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም፤ አስም ብዙ ምክንያት ያለው ሕመም ነው። ካታላይዘርም ቢሆን እስኪሞቅ ድረስ፣ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪጠጋ፣ በደንብ አይሠራም፤ ስለዚህ ወዳጄ አሁን መኪናውን በግቢ ውስጥ ማሞቅ ትቶ እንዳስነሣው ቀስ ብሎ ወደ መንገድ ይወጣል። ይህ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ማሻሻያ ነው፤ ማንም ሰው ነገ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል።

ዋጋውስ? የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ደመወዙ ለወር የማይደርስ ወጣት ይህን ሁሉ ገንዘብ ለጢስ ያውጣ ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ይሁን እንጂ ጊዜውን እንመልከት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ይኖራሉ ማለት ነው፤ እያረጁም ይሄዳሉ። እየቆራረጥን የምንነዳቸው ከሆነ ከተሞቻችን ዕዳውን በሳንባ ይከፍሉታል። ካንዴላውንና ዘይቱን በጊዜው የለወጠ ሰው ግን ካታላይዘሩን ብዙ ዘመን ያቆየዋል፤ ውዱ ነገር መጠበቅ ሳይሆን አለመጠበቅ ነው።

ስለ እጅ ሥራም አንድ ቃል ልጨምር። ከትምህርት ቤት ወጥተን ወንበር ስናገኝ፣ በመኪና ሥር መተኛትን የሌላ ሰው ሥራ አድርገን እናያለን፤ መካኒኩ የነገረንን ሁሉ ተቀብለን የምንመለሰውም ስለዚህ ነው። የገዛ ቧንቧውን አንድ ጊዜ በእጁ የፈታ ሰው ሁልጊዜ ራሱ መጠገን የለበትም። ነገር ግን ሁለተኛ ጊዜ ወደ ጋራዥ ሲሄድ የሚጠይቀውን ያውቃል፤ «ቆርጠን እንጣለው» ሲሉትም ለምን? ይላል። ታማኙ መካኒክም ጥያቄ የሚያውቅ ደንበኛን አይጠላም፤ ዋጋውን የሚረዳለት እሱ ነውና።

የመኪና ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ጎረቤት ግን በየማለዳው ይመረምረናል፤ ማኅተምም አይመታልንም። የሕዝብ አገልጋይ ተብሎ የሚጠራ ወጣት አገልግሎቱን የሚጀምረው ቢሮው ሲከፈት አይምሰለው፤ መኪናውን ካስነሣበት ደጅ ጀምሮ ነው። ጢሱ የማን ነው? ብለን ጠይቀን ነበር። ቁልፉን ያዞረው ሰው ነው ባለቤቱ። ገንዘብ የሚያስገኘው ጉዞ የኔ ነው ካልን፣ ጢሱንም የኔ ነው እንበል።